ምርጫ ጣቢያ ስትታዘቡ፦ ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ ለምትውሉ በጎ ፈቃደኞች

«ታዘብኩህ» የሚል ሰው ነገሩ ሲፈጸም ዝም ብሎ የቆየ ሰው ነው። አይቷል፣ አልጮኸም፣ በልቡ ይዟል። የምርጫ ታዛቢም ሥራው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በልብ መያዝ አለመፈቀዱ ነው። ያየውን በወረቀት ይይዛል፣ ከነሰዓቱና ከነቁጥሩ።

ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ምርጫ ጣቢያ ቋሚ ታዛቢ ነበርኩ። ሌሊት ቅጼን አስረክቤ ተኛሁ፤ በማግሥቱ አስተባባሪያችን ደወለችልኝ። «‹ከጠዋት ጀምሮ ትርምስ ነበር› ብለህ ጽፈሃል። ትርምስ ማለት ስንት ሰው ነው? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? የተተራመሰው ሰልፉ ነው ወይስ ውስጡ?» መልስ አልነበረኝም። ሃያ ሰዓት ያህል ቆሜ ውዬ ከአንዲት አንቀጽ በቀር የሚጠቅም ነገር አልጻፍኩም። ከዚያ ወዲህ አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሲመጣ የምነግረውን ነው እዚህ የማሰፍረው። የምርጫ ቦርድ መመሪያና የድርጅታችሁ ሥልጠና ይቀድማል፤ ይህ ከጎን የሚያዝ ነው።

1. መጀመሪያ ባጅ

በራሳችሁ ተነሥታችሁ ጣቢያ በር ላይ ብትቆሙ ታዛቢ አትሆኑም። የመታዘብ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ የሚጠይቀው የተመዘገበ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ነው፤ ድርጅቱ ስማችሁን ያስገባል፣ መታወቂያ ባጅ ይመጣል፣ ሥልጠና ትወስዳላችሁ፣ የሥነ ምግባር ሰነድ ትፈርማላችሁ። ስለዚህ የምርጫ ዓመት ሲቃረብ የመጀመሪያው ሥራ ታዛቢ የሚያሰማራ ድርጅት መፈለግ ነው። በ2013 የኢትዮጵያ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ኅብረት ለምርጫ በመላ አገሪቱ ታዛቢዎች አሰማርቶ ነበር። ከተማችሁ ውስጥ ያሉ የወጣት፣ የሴቶች፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትን ጠይቁ፤ አንዱ ወደ ሌላው ይመራችኋል።

የመራጮች ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ብትገቡ ይሻላል። ብዙ ሰው ምርጫ ማለት የድምፅ መስጫው ቀን ብቻ ይመስለዋል። ስሙ መዝገቡ ላይ የሌለ ሰው ግን ያን ቀን ቢመጣ ማንም አይረዳውም፤ የእሱ ጉዳይ የተበላሸው ከወራት በፊት ነው።

መብቱ በቀላሉ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በ1997 የሀገር ውስጥ ድርጅቶች የመታዘብ መብታቸውን ያስከበሩት ፍርድ ቤት ቆመው ነው፤ ፍርዱ ሲወጣ ለምርጫው ቀን፣ ለግንቦት 7፣ የቀሩት ጥቂት ቀናት ስለነበሩ ሰው አሠልጥኖ ማሰማራቱ ሩጫ ሆነ። በኋላ የመጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በዴሞክራሲና በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይገባ አገደ። በሩ እንደገና የተከፈተው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። በ2013 የአውሮፓ ኅብረት የታዛቢ ቡድኑን አልልክም ብሎ ሲቀር የአፍሪካ ኅብረት ቡድን መጥቷል። እንግዳ ታዛቢ ግን ከጣቢያ ጣቢያ ይዞራል እንጂ አንድ ሰፈር ውስጥ ከንጋት እስከ ቆጠራ አይቀመጥም። እሱ የእኛ ሥራ ነው።

የፓርቲ አባል ከሆናችሁ ይቅርባችሁ፤ ፓርቲያችሁ ወኪል ያስፈልገዋል፣ እዚያ ሥሩ። ወኪል ለፓርቲው ይቆማል፣ ነውርም የለበትም። ታዛቢ ግን ለማንም አይቆምም። አባል ባትሆኑም እንኳ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጻችሁን አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄዳችሁ አንብቡት፤ የማታውቁት የጣቢያ ኃላፊ ቢያነበው ያምናችኋል? የአጎታችሁ ልጅ ዕጩ ከሆነም ደብቃችሁ አትግቡ፤ ለአስተባባሪያችሁ ንገሩና ወደ ሌላ ምርጫ ክልል ትዛወራላችሁ።

2. ጣቢያ አመዳደብ (ይህ ለአስተባባሪዎች ነው)

ስልሳ በጎ ፈቃደኛና ሦስት መቶ ጣቢያ ቢኖራችሁ ሁሉም ቤቱ አጠገብ መመደብ ይፈልጋል። እሺ ካላችሁ ታዛቢዎቻችሁ በሙሉ ፔዳ ግቢና ፖሊ ግቢ አካባቢ፣ ግሽ ዓባይና ሽምብጥ ይከማቻሉ፤ የምታወጡትም ሪፖርት የአስፋልት ዳር ሪፖርት ይሆናል። ዕጣ አውጡ። የጣቢያዎቹን ዝርዝር በተራ ደርድሩ፣ ከ1 እስከ 5 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ሕፃን ልጅ ያውጣላችሁ፣ ከዚያ እየዘለላችሁ አምስተኛ አምስተኛውን ያዙ። ዕጣው ዘጌ ላይ ቢወድቅ ዘጌ ይኬዳል፤ ጀልባ ያስፈራኛል የሚል ካለ ሰዉ ይለወጣል እንጂ ጣቢያው አይለወጥም። ከናሙና ተነሥታችሁ ስለ ሁሉም ጣቢያ አፋችሁን ሞልታችሁ መናገር የምትችሉት ጣቢያዎቹ የተመረጡት በዕጣ ከሆነ ብቻ ነው።

3. ዋዜማውን

ጣቢያችሁን ከአንድ ቀን በፊት በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት። አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሁለትና ሦስት ጣቢያ ሊኖር ይችላል፤ በ2013 አንድ ጣቢያ ከ1,500 በላይ መራጭ እንዳይዝ ተብሎ ስለነበር ትልቁ ሰፈር ተከፋፍሎ ነበር። ስማቸው ተመሳሳይ ሆኖ መለያቸው ብቻ ይለያያል። እኛ ዘንድ አንድ ልጅ እስከ ረፋድ ድረስ የጎረቤት ጣቢያ ሲታዘብ ቆይቷል፤ ባጁ ትክክል ስለሆነ ማንም አላስወጣውም።

በከተማው ከሆናችሁ በጠዋት ባጃጅ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። በሐይቁ ዳርና ደሴት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ዋዜማውን እዚያው እደሩ። ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ጣና ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ግን ሌላ ነው። ጀልባ ነጂው «ዛሬ አይሆንም» ካለ አይሆንም፤ ከእሱ ጋር ክርክር የለም። የመንሳፈፊያ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በፎገራና በደምቢያ በኩል የምትሄዱ እምቦጩን አስቡ፤ ሞተር ይይዛል፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ግማሽ ቀን ይሆናል። በክረምት መግቢያ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉም የፎገራ ሜዳ መንገድ አያስተማምንም።

ዋዜማውን ሌላም የምታዩት አለ። ከድምፅ መስጫው በፊት ያሉት 4 ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው፤ ቅስቀሳ የለም። በጣቢያው አካባቢ አዲስ ፖስተር ተለጥፎ፣ መኪና በድምፅ ማጉያ ሲዞር ካያችሁ ቦታውንና ሰዓቱን ጻፉ።

4. ቦርሳው

ሁለት እስክሪብቶ። የማይበጣጠስ ትንሽ ደብተር። ቅጹን የምትይዙበት ላስቲክ፤ ሰኔ ነው፣ ዝናቡ ከደብተሩ ቀድሞ ቀለሙን ይወስደዋል። የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ በወረቀት የተጻፈ የአስተባባሪ ስልክ (ስልክ ሲዘጋ በስልኩ ውስጥ ያለው ቁጥርም አብሮ ይዘጋል)። ከየትኛውም ፓርቲ ቀለም የራቀ ልብስ። ውኃ። ምግቡን ቀን መቁጠሪያ አይታችሁ ያዙ፦ ሰኔ 14 ቀን 2013 ሰኞ ነበር፣ የሐዋርያት ጾም የገባበት ቀን። እንቁላል በዳቦ ይዛ የመጣች ጓደኛዬ የእኔን ቆሎ ስትካፈል ዋለች።

ከፓርቲ ወኪሎች ምሳ፣ ሻይ፣ ለስላሳ አትቀበሉ። በእኛ አገር እምቢ ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። «ይባርክልኝ፣ ይዣለሁ» በሉና የራሳችሁን አውጡ።

5. ሳጥኑ ሲከፈት

ድምፅ መስጠት የሚጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ እናንተ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ድረሱ። ከሁሉም የሚከፋው መዘግየት የዚህ ሰዓት ነው፤ ባዶ ሳጥን የሚታየው አንዴ ብቻ ነው። «ኮሮጆ ግልበጣ» የሚለው ቃል በሁላችንም አፍ ላይ አለ፤ ኮሮጆው ጠዋት ባዶ እንደነበር ያላየ ሰው ግን ማታ ስለ ግልበጣ የሚለው ነገር የለውም።

በተራ የምታዩት፦ ሳጥኑ ለወኪሎችና ለታዛቢዎች ባዶውን ሲታይ፣ ከዚያ ሲታሸግ። የማሸጊያዎቹ ቁጥር ይጻፋል፣ እናንተም ጻፉ፤ ማታ ሲከፈት ከዚህ ቁጥር ጋር ታመሳክራላችሁ። ቀጥሎ ጣቢያው የተረከበው የድምፅ መስጫ ወረቀት ብዛት። ኃላፊው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ካልተናገረ በትሕትና ጠይቁ፤ ይህች ቁጥር ከሌለች የማታው ሒሳብ አይሠራም። መዝገቡ፣ ቀለሙ፣ የምስጢር ድምፅ መስጫው መከለያ በቦታው መሆኑን እዩ። መከለያው ወደ መስኮት ዞሮ ከሆነ ወይም ከኋላው ሰው የሚያልፍ ከሆነ ምስጢር የለም፤ ይህንን ከመከፈቱ በፊት ብትጠቁሙ በሁለት ደቂቃ ይስተካከላል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። ስልካችሁ 18:00 ሲል እኛ ከምሽቱ 12 እንላለን። በ2013 ከተሰበሰቡት ቅጾቻችን መካከል አንዱ ጣቢያ «በ6:00 ተከፈተ» ይላል። ጠዋት በፈረንጅ ነው ወይስ ቀትር በሀበሻ? ጻፊው ራሱ እስኪጠየቅ ድረስ አልታወቀም። ከመነሻው ተስማሙ፦ በሀገራችን ሰዓት፣ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ምሽት ወይም ሌሊት የሚል ቃል ተጨምሮ።

6. ቀኑን ሙሉ

ሰው እንዳይሰናከልባችሁ፣ እናንተም ከመከለያው ውስጥ እንዳታዩ፣ መዝገቡን፣ የቀለም ጠረጴዛውንና ሳጥኑን ግን አንድ ላይ የምታዩበት ቦታ ምረጡ። ብዙውን ጊዜ ጥግ ነው። ጥሩ ጥግ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

በየሰዓቱ መባቻ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሰልፉ ላይ ስንት ሰው አለ፣ ባለፈው ሰዓት ስንት ሰው ድምፅ ሰጠ፣ እነማን ውስጥ አሉ (ስንት አስፈጻሚ፣ ስንት ወኪል፣ ከየትኛው ፓርቲ፣ ሌላ ሰው)። ድምፅ የሰጠውን ስትቆጥሩ አራት መስመር አቁማችሁ አምስተኛውን አግድም ሰርዙት፤ ልጅ ሆነን ብይ ስንቆጥር እንዳደረግነው። አድካሚ ነው። ግን አንድ ጣቢያ ሙሉ ጠዋት በሰዓት 50 ሰው ሲያስተናግድ ቆይቶ በ10 ሰዓትና በ11 ሰዓት መካከል 300 ቢያስመዘግብ ይህን የሚያሳየው የእናንተ መስመር ብቻ ነው።

ቀለሙን ተከታተሉ። የማይለቀው ቀለም ሲልቨር ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር አለበት፤ ቆዳና ጥፍር ላይ ተቀምጦ ብርሃን ሲያገኝ ይጠቁራል፣ ለቀናት ይቆያል። ሳይደርቅ ወዲያው ከተጠረገ ግን ይዳከማል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ፦ ሰውዬው ከመግባቱ በፊት ጣቱ ታይቷል? ቀለም ከተቀባ በኋላ በሶፍት ወይም በነጠላው ጫፍ እንዳይጠርገው ተነግሮታል? በእኛ ጣቢያ ጠዋት ጠዋት የሁሉም ጣት ይታይ ነበር፤ ሰልፉ ሲረዝም ከአሥሩ የሦስቱ አልታየም። ክፋት የለበትም፣ ድካም ነው። ቢሆንም ይጻፋል።

አሁን ስለ እጃችሁ። ረፋድ ላይ አንዲት አዛውንት ወረቀቱን ይዘው መከለያው ጋ ደርሰው ተመለሱ። አስፈጻሚዎቹን ሁሉ አልፈው ወደ እኔ መጡ፤ ባጄን አይተው ይሆናል፣ ወይም ሥራ ፈት መስዬ።

«ልጄ፣ የቱ ላይ ነው ምልክቱን የማደርገው?»

«እማማ፣ እኔ ታዛቢ ነኝ፤ ማሳየት አልችልም። እሳቸው ያስረዱዎታል» አልኩና ወደ ጣቢያ ኃላፊዋ አመለከትኩ።

«ምን ያለ ዘመን ነው፤ ልጅ እናቱን አይረዳም» ብለው ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ። አሁንም ግን ያው ነው የምመልሰው። ማየት የማይችሉ ወይም እገዛ የሚፈልጉ ሰዎች የሚያምኑትን ረዳት ይዘው መግባት ይፈቀድላቸዋል፤ ያ ረዳት እናንተ አትሆኑም። ወረቀት አትነኩም፣ መዝገብ አትገልጡም፣ ወንበር አታስተካክሉም፣ ሰልፍ አታስይዙም። «ማንን መረጡ?» ብላችሁ አትጠይቁም፤ ሲነግሯችሁም ፊታችሁ አይፈታ፣ አይኮሳተር።

7. ያልተስተካከለ ነገር ስታዩ

ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፤ ትእዛዝ መስጠት አይቻልም። ለጣቢያው ኃላፊ አንዴ፣ በጎን፣ በለሰለሰ ድምፅ ንገሩ። መልሱንም ጻፉ። ካልተስተካከለ ደግማችሁ አትጨቃጨቁ፤ ለአስተባባሪያችሁ ደውሉ። አቤቱታ የማቅረብ መብት የመራጩና የፓርቲው ነው፣ የሚቀበለውም አካል አለ፤ እናንተ አቤቱታው መቅረቡንና እንዴት እንደተስተናገደ ትጽፋላችሁ።

አጻጻፉን በምሳሌ ላሳይ። ሁለቱም ስለ አንድ ክስተት የተጻፉ ናቸው፦

«ታጣቂዎች ገብተው ሕዝቡን አስፈራሩ።»

«ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20፣ የፖሊስ ልብስ የለበሱ 2 ሰዎች መሣሪያ ይዘው ወደ ክፍሉ ገቡ። ከኃላፊው ጋር 3 ደቂቃ ያህል አወሩ፤ ምን እንዳወሩ አልሰማሁም። በ4 ሰዓት ከ24 ወጡ። በዚያ ጊዜ ውስጥ 5 ሰዎች መከለያ ጋ ነበሩ፤ ድምፅ መስጠት አልቆመም። ሰልፍ ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች ‹ለምን መጡ?› ሲሉ ሰምቻለሁ። ኃላፊው ስጠይቀው ‹እኔ ነኝ የጠራኋቸው፣ ሰልፉ ላይ ግፊያ ነበር› አለ።»

የመጀመሪያው ማንም ሊያስተባብለው ይችላል። ሁለተኛውን ለማስተባበል እዚያ መገኘት ያስፈልጋል። ደግሞም ሁለተኛው ኃላፊውን ሊያድነው ይችላል፤ ጠርቷቸው ከሆነ ሥራውን ሠርቷል። ባየሁትና በሰማሁት መካከል ሁልጊዜ መስመር አኑሩ። ደብተሬን ለሁለት ከፍዬ በግራ ያየሁትን፣ በቀኝ የነገሩኝን እጽፋለሁ፤ ማታ ስገለብጠው አይደባለቅብኝም።

ስለ ደኅንነት አጭር ነው። ዛቻ ከደረሰባችሁ፣ ተኩስ ከተሰማ፣ «ውጡ» ከተባላችሁ ውጡ። በክልላችን ያለፉት ዓመታት እንዴት እንደነበሩ ለእናንተ አልነግርም። የወጣችሁበትን ሰዓትና ማን እንዳስወጣችሁ ስትጽፉ ሥራችሁን ጨርሳችኋል፤ ታዛቢ የተባረረበት ጣቢያ ራሱ መረጃ ነው።

8. ቆጠራው

ሰው የሚደክመው፣ ስህተትም የሚበዛው እዚህ ነው። በ2013 ድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ተራዝሞ ነበር፤ ቆጠራው ሲጀመር ሁላችንም በጉልበታችን ሳይሆን በእልህ ነበር የቆምነው። ሲዘጋ ሰልፍ ላይ የነበሩት መስተናገዳቸውን፣ ከእነሱ በኋላ የመጣ አለመግባቱን ተመልከቱ። ከዚያ ቆጠራው እዚያው ጣቢያ ይካሄዳል። አትውጡ፤ መጸዳጃ ከመጀመሩ በፊት ሂዱ።

ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት ሦስት ቁጥር መታወቅ አለበት፦ ስንት ወረቀት ተረከቡ፣ ስንት ሳይሠራበት ቀረ፣ ስንት ተበላሽቶ ተለወጠ። ለምሳሌ 1,200 ተረክበው 351 ቢቀር፣ 7 ተበላሽቶ ቢለወጥ፣ ሳጥኑ ውስጥ መገኘት ያለበት 842 ነው። መዝገቡ ላይ የፈረመውም ሰው 842 መሆን አለበት። ሳጥኑ ተከፍቶ 803 ለዕጩዎች የተሰጠና 39 ዋጋ አልባ ቢገኝ 842 ይሆናል፤ ሒሳቡ ዘጋ። ይህን ቅጹ ጥግ ላይ በራሳችሁ እጅ ሥሩት። የሚያስፈልገው መደመርና መቀነስ ብቻ ነው፣ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መደመርም ያቅታል።

የእኛ አልዘጋም። ጣቢያችን ሁለት ሳጥን ነበረው፣ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልል ምክር ቤት። ከአንዱ ከሚጠበቀው አንድ ጎደለ፣ ከሌላው አንድ በለጠ። መብራት ጠፍቶ በእጅ ባትሪ ነበር የሚቆጠረው። አንዱ ወኪል ተነሥቶ «ተሰርቋል!» አለ፤ ሌላው «አንተ ነህ የሰረቅከው» አለው። ኃላፊዋ፣ ቀጭን ድምፅ ያላት የትምህርት ቤት መምህርት፣ «ቁጭ በሉ፤ እንደገና እንቁጠር» አለች። ሁለተኛው ዙር ላይ ወረቀቱ ተገኘ፤ አንድ መራጭ የአንዱን ምክር ቤት ወረቀት ሌላኛው ሳጥን ውስጥ ከትቶት ነበር። ለሁሉም አሳየች፣ ወደ ቦታው መለሰች፣ ቃለ ጉባዔ ላይ አሰፈረች። አርባ ደቂቃ ፈጀ። እኔም ሁለቱን ቁጥር፣ አርባውን ደቂቃና የተባለውን ጻፍኩ፤ ከዚያ ቀን ጽሑፌ ሁሉ የምኮራባት እሷ አንዲት አንቀጽ ናት። «ትርምስ» የሚል ቃል የለባትም።

ወረቀቶቹ ሲገለጡ አንድ አንድ እየተነሡ ለሁሉም መታየታቸውን፣ ዋጋ አልባ የሚባለው በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት መለኪያ መሆኑን ተከታተሉ። ለአንዱ ዕጩ ሲሆን ከመስመሩ ትንሽ የወጣ አሻራ ተቀባይነት አግኝቶ ለሌላው ሲሆን ከተጣለ፣ የስንቱ ወረቀት እንደሆነ ጻፉ። ውጤቱ ተፈርሞ በጣቢያው ላይ ይለጠፋል። ለታዛቢ የምትሰጥ ስጦታ ብትኖር ይህች ወረቀት ናት። በእጃችሁ ገልብጡ፤ ፎቶ ማንሣት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁና ከተፈቀደ አንሡ። ቁጥሩን በአኃዝም በፊደልም ጻፉ፦ 803፣ ስምንት መቶ ሦስት። ነገ ከምርጫ ክልል ደረጃ የሚታወጀው ድምር ከየጣቢያው ከተለጠፈው ጋር ይመሳከራል። ፊሊፒንስ ውስጥ በ1986 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሲቪል ታዛቢዎች ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ከየጣቢያው የሰበሰቡት ድምር ከመንግሥት ድምር ጋር አልገጥም አለ። በኬንያም በዚያው አቆጣጠር በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፕሬዚዳንት ምርጫውን ውጤት ሲሽር ክርክሩ ያተኮረው ከየጣቢያው በሚላከው የውጤት ቅጽ ላይ ነበር።

9. መላክ

ኢንተርኔት ይኖራል ብላችሁ ዕቅድ አታውጡ። በክልላችን ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ሁላችንም ኖረንበታል። በአጭር የጽሑፍ መልእክት ላኩ። በአማርኛ ፊደል ከጻፋችሁ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በቁጥር ብቻ ከሆነ እስከ 160። ስለዚህ ድርጅታችሁ ለጥያቄዎቹ ቁጥር ይስጥ፦ 1 አዎ፣ 0 አይደለም፣ 9 አላየሁም። «014 1 1 0 9 842» ማለት ጣቢያ 014፣ ባዶ ሳጥን ታይቷል፣ ታሽጓል፣ ያልተፈቀደለት ሰው አልገባም፣ አራተኛውን አላየሁም፣ ድምፅ የሰጡ 842። ዘጠኝን አትፍሯት። ምሳ ልትበሉ ወጥታችሁ ያመለጣችሁን «አዎ» ብላችሁ መሙላት ከኮሮጆ ግልበጣ በምንም አያንስም።

ኔትወርክ ከሌለ ወረቀቱ አለ። ስልክ የሚሠራበት ቦታ ስትደርሱ ላኩ፣ የላካችሁበትንም ሰዓት ጻፉ። የግል ገጻችሁ ላይ ግን ምንም አታውጡ፤ «የእኛ ጣቢያ ሰላም ነበር» የምትለዋንም ቢሆን። የአንድ ጣቢያ ነገር በሌሊት ቴሌግራም ላይ የከተማው ነገር ይሆናል። ሪፖርቱን ድርጅቱ አንድ ላይ አድርጎ ያወጣዋል።

10. በማግሥቱ

ተኙ፣ ግን ከመተኛታችሁ በፊት ደብተራችሁን አንዴ አንብቡና የተዛቡ ፊደላትን አስተካክሉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ የራሳችሁን ጽሕፈት አታነቡትም። የተስተካከለውን በሌላ ቀለም አድርጉት፣ በኋላ የተጨመረ መሆኑ ይታይ። ቅጹን ስታስረክቡ ቅጂ ያዙ፣ የተረከባችሁን ሰው አስፈርሙ። ባጁን መልሱ።

ዘጌ ወይም ደሴት ላይ ያላችሁ፣ ቆጠራው ሌሊት አልቆ ቅጹን ዛሬውኑ ላድርስ ብላችሁ በጨለማ ጀልባ አትጠሩ። እዚያው እደሩ። ቅጹን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ትራሳችሁ ሥር አድርጉት፤ ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ገና ጸጥ እንዳለ የመጀመሪያው ጀልባ ይነሣል።